ቂጥ ያለው የቲማቲም ቅርጫት

አባቴ በሕይወቱ አንድም ቀን ቲማቲም ተክሎ አያውቅም። የበላው ግን ብዙ ነው። የካቲት ላይ ሁዳዴ ሊገባ ሲል፣ በግቢያችን ጥግ ያለችውን የፈረሰች የጋራ ኩሽና ቦታ ቆፍሬ ችግኝ ስተክል፣ በር ላይ ካለችው ዱካው ሳይነሳ "መትከሉስ ደግ፤ ማን ሊጠብቀው ነው?" አለኝ። "አንተ" አልኩት። "እኔማ አላይም" ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ።

ቲማቲሙን የተከልኩት ለእሱ ብዬ ነው ብል ውሸት ይሆንብኛል። ለራሴ ሆድ ነው የተከልኩት። በጾም የቲማቲም ፍትፍት የመሰለ ነገር የለም ባይ ነኝ፤ መርካቶ ውስጥ ክር፣ ዚፕና የልብስ ቁልፍ ስሸጥ ውዬ ስመለስ ሌላ ወጥ የመሥራት ወኔ የለኝም። ሱቄ ሁለት ሰው ከገባ አንዱ መውጣት ያለበት ዓይነት ጠባብ ናት። ከመሳለሚያ ትንሽ ወረድ ብሎ ካለው ግቢያችን በእግር ብዙም አትርቅም። እሁድ እሁድ ስለምዘጋ ገበሬነቴ የእሁድ ብቻ ነው። የኩሽናው አመድ ለዘመናት ሲደፋበት የኖረ አፈር ስለሆነ ጥቁርና ልስልስ ነው። ነገር ግን የማይወጣበት ጉድ አልነበረም፤ የለስላሳ ቆርኪ፣ የማንኪያ እጀታ፣ የአንድ እግር የሕፃን ጫማ፣ ዝገት የበላው መቀስ። ድንች ሳልተክል ከመሬት የሰው ዕቃ የምለቅም ሆኜ አረፍኩት።

አባቴ አርባ ዓመት ምን አለሽ ተራ ቆርቆሮ ቀጥቅጧል። ከበርሜል የከሰል ምድጃ፣ ከዘይት ጣሳ ማንቆርቆሪያና ኩራዝ፣ ሰው ከጣለው ሁሉ ሰው የሚገዛው ነገር ሲሠራ ኖሯል። እናቴ ካረፈች ወዲህ በሁለቷ ክፍል ቤታችን እኔና እሱ ብቻ ነን የምንኖረው። ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው፣ ዓይኑን ሞራ ከጋረደው። አንዱን ዓይን አሠርተነው ትንሽ ጥላ ያያል፤ ሁለተኛውን "አንዱን ካጠፋችሁት ይበቃል" ብሎ እንቢ አለ። አንድ ቀን በቆርቆሮ መቀሱ አውራ ጣቱን ሊቆርጠው ለጥቂት ተረፈና፣ ሐኪሙም እኔም አንድ ላይ ጮህንበት። የሥራ ቦታውን አጠገቡ ይቀመጥ ለነበረ ሰው ለቀቀለት። መዶሻውን፣ ፒንሳውንና እንደ መስፍ አድርጎ የሚቀጠቅጥባትን የባቡር ሐዲድ ቁራጭ በጆንያ ይዞ መጥቶ አልጋው ሥር ከተታቸው። ከዚያ በኋላ የቀረችለት ዱካዋ ናት።

ሥራ ፈታ ማለት አይገልጸውም፤ ፈዘዘ። ድሮ በጨው ማነስና መብዛት ከእኔ ጋር ሲነታረክ የሚውል ሰው፣ ያቀረብኩለትን ሁሉ "ጥሩ ነው" ማለት ጀመረ። አንዳንዴ አንድ ቀልድ ጣል ያደርግና ወዲያው ይጠፋል። እኔ ደግሞ ቁጡ ነኝ፤ ዝም የሚል ሰው ያናድደኛል፤ አባቴ ሲሆን ግን ያስፈራኝ ነበር። የምመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከዚያች ዱካ ተነስቶ እጁን ሥራ ላይ ሲያሳርፍ ማየት።

መጋቢት ላይ የበልጉ ዝናብ መጣ። ጉልበቴን አልፈው አበባ የያዙት ቲማቲሞቼ አንድ ቀን ከሰዓት በወረደ ዶፍ ሁሉም መሬት ላይ ተዘረሩ። በመጀመሪያ የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተክዬ በጨርቅ አሰርኳቸው። በማግስቱ ከሱቅ ስመለስ ጭራሮው የለም። በግቢያችን አንጋፋ የሆኑትና ሁላችንም እትዬ ብቻ የምንላቸው ጎረቤታችን ከቤታቸው ደጃፍ ሽሮ ያንተከትካሉ።

"እትዬ፣ ጭራሮዬን አዩት?" አልኳቸው።

"እንጨት መስሎኝ" አሉ።

"እንጨት ነው እኮ!"

"ታዲያ ምን አጠፋሁ?" አሉኝና ሽሮውን አቀመሱኝ። ምን እላለሁ፤ ሽሮው ይጣፍጥ ነበር።

ከዚያ በስልኬ አንድ ቪዲዮ አየሁ። ሰውዬው በወፍራም ሽቦ አራት ቀለበት ይሠራና በአራት ረጃጅም የሽቦ እግሮች ያያይዛቸዋል፤ እግሮቹን ተክሉን ከብቦ መሬት ውስጥ ይወጋቸዋል፤ ቲማቲሙ በመሐል እየተደገፈ ወደ ላይ ያድጋል። ሽቦ ደግሞ ማገዶ አይሆንም። በማግስቱ ከአንድ የሕንፃ መሣሪያ መሸጫ አንድ ጥቅል ሽቦ ገዝቼ መጣሁ። መሬት ላይ ሳስቀምጠው አባቴ ከዱካው ሆኖ ጆሮውን አቀና።

"አዲስ ሽቦ ነው?"

"አዎ።"

"ከሱቅ?"

"አዎ አባባ፣ ከሱቅ።"

"የምን አለሽ ተራ ሰው ልጅ ሆነሽ አዲስ ሽቦ ገዛሽ?" አለ፣ ሳላስፈቅደው ያገባሁ ያህል ቅር ብሎት።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ሥራ ጀመርኩ። ሥራ ካሉት ነው። ሽቦውን ስፈታው እንደ ምንጭ ተስፈንጥሮ ግንባሬን ገረፈኝ። ቀለበት ልሠራ ብዬ እንቁላል ሠራሁ፤ እንቁላሉን አስተካክላለሁ ስል ምን እንደሆነ የማይታወቅ ነገር ሆነ። ከጎረቤት የተዋስኩት ፒንሳ ደግሞ ቆዳዬን እንጂ ሽቦውን አይቆነጥጥም። አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይሰማል።

"በግራሽ ያዢው" አለ።

"ተወኝ አባባ።"

"ፒንሳውን አፉን ወደ ውጭ አዙሪው። በጉልበትሽ ተጫኚው። ኧረ በጉልበትሽ!"

"ተወኝ አልኩህ!"

ባለሙያ የሌላውን ሥራ ማየት ብቻ ሳይሆን መስማትም እንደሚያመው ያን ቀን ነው የገባኝ። ሦስተኛው ቀለበት ከእጄ አምልጦ የእትዬን በር ሲመታ አባቴ ከዱካው ብድግ አለ። "ዞር በይ!" አለኝና እየዳበሰ መጥቶ ፒንሳውን ከእጄ ነጠቀኝ። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ተናደድኩ። ከዚያ ነው መነሳቱን ያስተዋልኩት።

"ምን ዓይነት ነገር ነው የፈለግሽው?" አለ። ስልኩን ዓይኑ ሥር አስጠጋሁለት፤ ብርሃን እንጂ ሌላ ነገር አላየም።

"ቅርጫት ነገር ነው" አልኩት፣ "የሽቦ ቅርጫት። ረጅም። እስከዚህ ድረስ።" እጁን ይዤ ወገቤ ላይ አስነካሁት።

"ቅርጫት በይና ተገላገይ፤ ይህን ለመናገር ይህን ሁሉ ቀን ተንከራተትሽ?" አለ። ከዚያ አዲሱን ሽቦ በጣቱ ጠንቁሎ "በዚህ ግን አልሠራም። ለዳንቴል ይሁንሽ። ተነሺ፣ ምን አለሽ ተራ እንሂድ" አለ።

በማግስቱ ሰኞ ሱቄን ሳልከፍት ሄድን። አባቴ ቦታውን ከለቀቀ ወዲህ እግሩ ወደዚያ ዞሮ አያውቅም፤ ዓይኑ እንደደከመ እንዲያዩበት አይፈልግም። መሳለሚያን እስክናልፍ ክንዴን ጨምድዶ ይዞ ነበር። "መንገድ! መንገድ!" እያሉ የሚሮጡ ተሸካሚዎች ሲገፈታትሩን እኔ ስሳደብ እሱ "ተያቸው፣ የያዙት ከባድ ነው" ይለኛል። የመዶሻው ድምፅ መሰማት ሲጀምር ክንዴን ለቀቀው። ገና ምንም ሳናይ "ይሄ በርሜል ነው" አለ። ትንሽ ሄደን "ይሄ ደግሞ ጣሳ ነው፤ ልጅ ነው የሚመታው፣ አይቸኩል" አለ። እኔ የሚሰማኝ ጆሮ የሚያደነቁር አንድ ጫጫታ ብቻ ነው።

ቦታውን የተረከበው ሰው ከሩቅ አይቶን ሥራውን ጥሎ ተነሳ።

"ጋሼ! መጡ እንዴ! ይቀመጡ፣ የራስዎ ቦታ ነው።"

"የአንተ ነው" አለ አባቴ። "ሽቦ ፈልጌ ነው የመጣሁት። የሽቦ አልጋ ያለው ማነው?"

የሽቦ አልጋ የሚባለው በድሮ ጊዜ ከፍራሹ ሥር የተዘረጋ ጠንካራ የሽቦ መረብ ያለው የብረት አልጋ ነው። ሦስት አሮጌዎች ተቆልለው ተገኙ። አባቴ ከእያንዳንዳቸው አንድ ሽቦ ያጎብጥና ይለቀዋል፤ ሲለቀው የሚያወጣውን ድምፅ ይሰማል። ሁለቱን "ደክመዋል" ብሎ ጣላቸው። ሦስተኛውን ሲለቀው ሽቦው ዘመረ። "ይሄ ገና ወጣት ነው" አለና ሳቀ። ሲስቅ ካየሁት ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበር፤ ስለዚህ የአልጋውን መረብ በትከሻዬ ተሸክሜ በመርካቶ መሐል ስሄድ የሚያውቁኝ ነጋዴዎች "ምነው፣ ቤት ለቀቅሽ?" ሲሉኝ እንኳ አልተቆጣሁም።

ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ሙሉ ሥራው ላይ አቀርቅሮ ሰነበተ። አልጋው ሥር የነበረው ጆንያ ወጣ። የሐዲዱ ቁራጭ በር ላይ ተቀመጠ፤ ዱካዋም ከግድግዳው ዞራ ወደ ግቢው ተመለከተች። መጀመሪያ የአልጋውን ሽቦ አንድ በአንድ ፈታ፤ ቀጥሎ እየቀጠቀጠ አቃናው። የሚለካው በስንዝርና በጣት ነው። አንዱን ሽቦ በሁለት ጣቱ መሐል ከጫፍ እስከ ጫፍ ያሳልፈዋል፤ ጉብታ ያለበት ጋ ቆም ብሎ አንዴ ይመታዋል፣ እንደገና ያሳልፈዋል። ረቡዕ ከሱቅ ስመለስ ገና ከግቢው በር የመዶሻውን ድምፅ ሰማሁ። እዚያው ቆምኩ። እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ዕንባዬ መጣ፤ ሰው እንዳያየኝ ነጠላዬን ዓይኔ ላይ አድርጌ አቧራ የገባብኝ መሰልኩ።

ሐሙስ አመሻሽ ላይ ሥራው አለቀ። ጆንያ አልብሶት ጎረቤት ሁሉ እስኪሰበሰብ ጠበቀ፤ አባቴ ዕቃ ሲያስረክብ ድሮም እንዲህ ነበር። ከዚያ ጆንያውን ገፈፈው።

ቆንጆ ነበር። ቀለበቶቹ በሰሃን የተሳሉ ይመስላሉ፣ ክብ ናቸው። አንድም ማሰሪያ የለበትም፤ ሽቦውን በሽቦው ላይ አጥፎ፣ አጥፎ ቆልፎታል፤ ጫፉ እንኳ እጅ እንዳይወጋ ወደ ውስጥ ተጠቅልሏል። ወገብ ድረስ የሚደርስ፣ ወንፊት የመሰለ ቂጥ ያለው፣ ከላይ ደግሞ ሁለት መሸከሚያ ጆሮዎች የተገጠሙለት ቅርጫት ነው።

ቂጥ አለው። መሬት ላይ ቂብ ብሎ ይቀመጣል። የሚወጋ እግር የለውም፤ እግር መሆን የነበረባቸውን ሽቦዎች ወደ ሥር አጥፎ ቂጡ ላይ ጠልፏቸዋል።

አርባ ዓመት ሙሉ የሠራው ዕቃ ሁሉም ለማለት ይቻላል ቂጥ አለው። እኔም ቅርጫት አልኩት፤ ቅርጫት ሠራልኝ። ይህን የመሰለ ስህተት የሚሠራው ሥራውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው፤ እኔ ብሠራው ኖሮ ቂጡን ለመሥራት እንኳ አልደርስም ነበር።

"ምን ትያለሽ?" አለኝ። ግንባሩ በላብ ወዝቷል። ፊቱ ወጣት ሆኗል።

እትዬ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ቅርጫቱን ዞሩት። "እኔ እምለው፣ ቲማቲሙ በየት በኩል..." ብለው ሲጀምሩ እግራቸውን ረገጥኩባቸው። "ወይኔ ጣቴ!" አሉ።

"እጅህ ይባረክ አባባ" አልኩት። "ልክ እንደፈለግሁት ነው።"

ዝም አይነቅዝም ብዬ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ የመጀመሪያ ሥራው ነው፤ ተሳስተሃል ብዬ ብነግረው ተመልሶ ዱካው ላይ ይቀመጣል ብዬ ፈራሁ። ሌሊቱን ሳስብ አድሬ አንድ ብልሃት መጣልኝ። በማግስቱ አርብ ነው፤ በሁዳዴ የሚቀደሰው ከሰዓት ስለሆነ እትዬ ክንዱን ይዘው ወደ ቤተ ክርስቲያን ይወስዱታል። እኔ ሱቄን ቀደም ብዬ ዘግቼ መጣሁ። በገዛ ፒንሳው ቂጡን ዙሪያውን እየቆረጥኩ አወለቅሁት። የቀሩትን ጫፎች ወደ ታች እያቃናሁ እግር አደረግኋቸው። ጆሮዎቹንም ቲማቲሙን ስለሚያደናቅፉ ቆረጥኳቸው። ከዚያ ትልቋ ተክል ላይ አጥልቄ መሬት ውስጥ ወጋሁት። ተክሏ ቀና አለች። ቂጡንና ጆሮዎቹን ደግሞ በፌስታል ጠቅልዬ ሱቅ ልወስዳቸው ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

መቼም አያይም ብዬ ነው ያደረግሁት። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ግን ያሰብኩት በትክክል እንደዚያ ነበር።

ከቅዳሴ ሲመለስ ገና አፉን ሳይፈታ፣ እህል ሳይቀምስ፣ በምርኩዙ እየመራ ወደ ቲማቲሙ ሄደ። ቅርጫቱ ሥራ ላይ ውሎ ሊዳብሰው ፈልጎ ነው። እጁን ከላይ አሳረፈ። ጆሮውን ፈለገ፤ የለም። ወደ ሌላው ጎን ዞረ፤ የለም። ቀለበቶቹን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ በጣቱ ወረደ፤ ተንበረከከ። ከታች የቆረጥኩት ሽቦ ጫፍ ጣቱን ወጋው። ከጣቱ ደም ጠብ አለ።

"ማን ቆረጠው?" አለ።

ልዋሽ አፌን ከፈትኩ፤ አልሆነልኝም። "እኔ ነኝ።"

"ለምን?"

"ቂጥ አያስፈልገውም ነበር አባባ። ቲማቲሙ ከሥር ነው የሚያድገው። አንተ እንዳታዝን ብዬ..."

ተነሳ። ሊጮህብኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

"አርባ ዓመት ሰው ፊቴ ቆሞ ያፈሳል ብሎኛል" አለ ቀስ ብሎ። "ጠማማ ነው ብሎኛል። አንዷ እንደውም ምድጃውን ራሴ ላይ ልትከሰክሰው ነበር። ተቀብዬ አስተካክዬ ሰጠሁ። እኔ ከአገሬ ስወጣ ብረት የሚነካ ሰው ቀጥቃጭ ነው ተብሎ ይናቅ ነበር። እናቴ ሥራዬን ለሰው ሳትናገር ነው የሞተችው። መርካቶ ግን ማን ነህ አላለኝም። ያፈሳል ወይስ አያፈስም፣ እሱን ብቻ ነው የጠየቀኝ። ጥፋቴን ፊት ለፊት የነገረኝ ሁሉ አክብሮኛል። አንቺ ደበቅሽኝ። የሚደበቀው ከበሽተኛ ነው።"

ጣቱን በነጠላው ጫፍ ይዞ ገባ። መዶሻውና ፒንሳው በጆንያ ሆነው ወደ አልጋው ሥር ተመለሱ።

ቅዳሜ ያቀረብኩለትን ሁሉ "ጥሩ ነው" አለ። ሆን ብዬ ሽሮውን ጨው አብዝቼበት አቀረብኩ፤ እኔ ራሴ ልውጠው ያልቻልኩትን "ጥሩ ነው" ብሎ ጨረሰው። ዱካዋ ወደ ግድግዳው ዞረች። ከመጀመሪያው ባልነካካው ይሻል ነበር እያልኩ ራሴን ስረግም እትዬ ያበጠ ጣታቸውን እያሹ "ደባ ራሱን፣ ስለት ድጉሱን" አሉኝ። "የእኔን እግር ከምትረግጪ አፍሽን ብትከፍቺ ምን ነበረበት? አባትሽ ብረት ሲቀጠቅጥ የኖረ ሰው ነው፤ በቃል ይሰበራል ብለሽ ነው?"

እውነታቸውን ነው። እሁድ ጠዋት ከአልጋው ሥር ጆንያውን ጎትቼ አወጣሁና እግሩ ሥር ዘረገፍኩት። ቂጡንና ጆሮዎቹንም ከፌስታሉ አውጥቼ ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለት። ወገቤን ይዤ፣ ምን አለሽ ተራ ምድጃ ልትመልስ እንደመጣች ሴትዮ ቆምኩ።

"የሠራህልኝ ዕቃ አይሆንም" አልኩት።

ራሱን ወደ ድምፄ አዞረ።

"ቂጥ ያለው ነገር ቲማቲም ላይ አይጠልቅም። ጆሮው ደግሞ ምን ያደርጋል? ተክል ተሸክሜ ልዞር ነው? እግር አውጥተህ፣ መሬት እንዲወጋ አድርገህ መሥራት ነበረብህ። ቅርጫት ብዬ ያሳሳትኩህ እኔ ነኝ፤ ግን አንተም ምን ሊሆንልሽ ነው ብለህ መጠየቅ ነበረብህ። ደንበኛ ሁሉ የሚፈልገውን አውቆ ይናገራል እንዴ?"

ሁለቱን ጆሮዎች በእጁ ገለባበጣቸው። እትዬ ከደጃፋቸው አንገታቸውን አስግገው ያያሉ።

"ምን ዓይነት ቲማቲም ነው ቂጥ የማይፈልግ?" አለ በመጨረሻ። "ውሰጂኝና ልየው።"

ክንዱን ይዤ ወሰድኩት። ተንበርክኮ አንዷን ያልተደገፈች ተክል ከሥሯ ጀምሮ በሁለት እጁ ዳሰሳት፤ ግንዷን፣ ቅርንጫፏን፣ የጎመን ዘር የምታህለውን እንቡጥ ሳይቀር። ጣቶቹ ሽቦውን እንደሚያቃኑት ነው የሚሄዱት፣ ጉብታ ያለበት ጋ ቆም ይላሉ። ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይባላል፤ እኔ በሁለት ደህና ዓይኔ ያላየሁትን ሁሉ እሱ በጣቱ አየው። "ይቺ እኮ ከታች ጠባብ ናት" አለ። "ወደ ላይ ነው የምትሰፋው። ከታች የጠበበ፣ ከላይ የሰፋ ነው የሚያስፈልጋት። ያንቺ ቪዲዮ ይህን አያሳይም?"

"አላስተዋልኩትም።"

"ማስገቢያ ነው እኮ!" አለና በራሱ ሳቀ፤ እትዬም አብረው ሳቁ፤ ማስገቢያ የሚሉት ዘይት ወደ ጠርሙስ የሚቀዳበትን፣ አፉ ሰፊ ሥሩ ጠባብ ዕቃ ነው። "ማስገቢያ መሆኑን ብትነግሪኝ ዓይኔን ጨፍኜ እሠራው ነበር። ቅርጫት አለች!"

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ የንትርክ ነበር። ሁለተኛውን ሲያስረክበኝ ቀለበቶቹ ተራርቀዋል አልኩት፤ አልተራራቁም አለኝ፤ በስንዝር ለካን፤ ተራርቀዋል። ሦስተኛው እንከን አልነበረውም፤ ፈልጌ አጣሁ፤ ሲያዩኝ የነበሩት እትዬ "አንድ ነገር በያ፣ ይጠብቃል እኮ!" ብለው ሹክ አሉኝ። "ቆንጆ ነው" ስለው አመነኝ፤ ምክንያቱም ቆንጆ ያልሆነውን ነግሬዋለሁ። እትዬ ለቃሪያቸው አንድ አዘዙ። ከማዶ ያሉት ጎረቤቶች ለባቄላቸው ሁለት አዘዙ። የአልጋው ሽቦ አልቆ አባቴ ብቻውን፣ በምርኩዙ፣ ምን አለሽ ተራ ደርሶ መጣ። ያን ቀን እኔ ሱቅ ሆኜ ምንም አላወቅሁም፤ ባውቅ ኖሮ እሞት ነበር።

ለጾም የተከልኩት ቲማቲም ፋሲካ አልፎ ነው የቀላው። የጾም ፍትፍቴ ሳይሳካ ቀረ፤ ቲማቲሞቹ ከዶሮው ወጥ ጎን ሰላጣ ሆነው ቀረቡ። አባቴ አንዱን ጎርሶ "ጨው ያንሰዋል" አለ። ሁለት ዓመት የጠበቅሁት ቃል ነው፤ ጨው መጨመሩን ግን ረሳሁት።

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ አንድ እሁድ አራተኛዬን ለመውሰድ ወጣሁ። በር ላይ ሦስት የተጀመሩ ሥራዎች ተደርድረዋል፤ እትዬም የእሳቸውን ለማየት መጥተው ቆመዋል። የእኔን አነሳሁና መሬት ላይ አቆምኩት፤ በእጄ ነካ ሳደርገው ወዲያና ወዲህ አለ። አንዱ እግር አጥሯል። ድሮ ቢሆን አይቼ እንዳላየሁ እሆን ነበር።

"ይሄ ይወላገዳል" አልኩት። "አልወስድም።"

አባቴ ተቀብሎ አቆመው። መዳፉን ከላዩ አድርጎ ነካካው፤ እግሮቹን አንድ በአንድ በጣቱ ለካ፤ አጭሩን አገኘው። "እውነትሽን ነው" አለ። ከጎኑ አስቀመጠውና የእትዬን ሥራ አንስቶ ቀጠለ።

"ነገ ነይ" አለኝ ቀና ሳይል።

ይህን ቃል መርካቶ ውስጥ ከባለሙያ ያልሰማ ደንበኛ የለም፤ ስንቱን አመላልሷል፣ ስንቱንም አስረግሟል። እኔም ስንቱን ልብስ ሰፊ በዚህ የተነሳ ሰድቤያለሁ።

"ነገ ሱቅ አለኝ" አልኩት።

"ከሱቅ ስትመለሺ ነይ። አሁን አትነዝንዢኝ፣ ሌላ ሥራ አለብኝ።"

"እሺ ጋሼ፣ ነገ እመጣለሁ" ብዬ ሄድኩ። የሄድኩት አምስት እርምጃ ነው፤ እሱን አልፌ ቤታችን ገባሁና አልጋዬ ላይ ተቀምጬ፣ የመዶሻውን ድምፅ እየሰማሁ፣ እየሳቅሁ አለቀስኩ።